ቀማሽ የጎደለው መርከብ

ፊታውራሪ ጓንጉል ቤተሰብ ከነልጁ የሚይዝ ትልቅ መርከብ ጣና ዳር አሠሩ። ገና ውኃ ሳይነካ አገሬውን ከነልጆቹ ጠርተው፣ ከልጆቻቸው ጋር ዋርካ ሥር እንደተቀመጡ፣ «የጎደለ ካለ ተናገሩ፣ አሁኑኑ ይሟላል። ከሌለ ግን አንድ ሰው ሳይቀር ትሳፈራላችሁ!» አሉ። አንዱ የፀሐይ ጥላ ጠየቀ፣ ሌላው የልጆች መጫወቻ፤ ሁሉም መርከቡ ላይ ተሟልቷል።

አራት ልጆች ያስከተለች አንዲት ሸክላ ሠሪ ግን ዓይኗን ከፊታውራሪ ብርሌ አልነቀለችም። አሳላፊው ጠጁን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና አቀረበላቸው።

«አንቺስ? ምን ጎደለ ልትዪ ነው?» አሏት።

«ቀማሽ ነዋ፣ ጌታዬ! እርስዎ አንዲት ብርሌ ጠጅ እንኳ ሰው ሳይቀምስልዎ አይጠጡም። መርከቡንም እርስዎ ከነልጆችዎ ይቅመሱልንና እኛ እንከተላለን።»

ፊታውራሪ ሐይቁን አዩ፣ ልጆቻቸውን አዩ።

«ዛሬስ ነፋሱ አላማረኝም» አሉ።