ጭድ የሌለው ግድግዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከብቱም እህሉም የሞላለት፣ ቤቱ ግን የሚያሳፍረው። ወንድ ልጁን ሊድር ቀን ቆርጦ ሳለ ዙሪያውን አየና፣ ሙሽራ በዚህ በአባቴ ጎጆ አትገባም አለ። ጎጆው ምንም አልሆነም ነበር። ስንት ክረምት የወረደበት ግድግዳው እንደቆመ ነው። ጥፋቱ ማርጀቱ ብቻ ነበር።

አንጓች ልጄ፣ ይህን የምነግርሽ ጥያቄሽን ሸሽቼ አይደለም። የእናትሽ አርባ ሊደርስ ነው፤ በዕለቱ ስለ እሷ ተነሥተሽ ተናገሪ ተብለሻል። ወንድሞችሽ ደግሞ፣ በክፋት ሳይሆን ጨንቋቸው፣ ከጓዳ ያልወጣች ሴት ምን የሚተረክ ነገር አላት ብለው ግራ አጋብተውሻል። አንቺም መጥተሽ «የኔታ፣ ምን ልበል?» አልሽኝ። እመልስልሻለሁ። እኔ እንደሆንኩ ዞሬ ካልሄድኩ አይሆንልኝም፤ ታውቂኛለሽ።

ሰውየው አዲስ ቤት ጀመረ። እንጨቱን መርጦ አስቆረጠ፣ አፈሩን በወንፊት አስነፋ። ጎረቤቶቹ ለደቦ ሲመጡ እንደ ልማዳቸው የጤፍ ጭድ ተሸክመው ነበርና በር ላይ መለሳቸው። ጭድ አፈር ያልበቃው ድሀ ጭቃውን የሚያበዛበት ነው ብሎ ያምን ነበር። «እኔ አፈር አላጣሁም፤ ጭዱን ለበሬዎቹ ስጡልኝ» አላቸው። እነሱም የባለቤቱ ጉዳይ ነው ብለው ጭቃውን ብቻውን ረግጠው መረጉለት። እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ሲያዩት ያምር ነበር። አንዲት ገለባ አይታይበትም፣ ልስልስ ያለ ነው። ሰውየውም ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይዳብሰው ነበር።

ፀሐይ ሲመታው ግን መሰንጠቅ ጀመረ። መጀመሪያ ጥግ ጥጉን ነበር፤ በኋላ በየቦታው እየተገመሰ ይወድቅና ማገሩ ይታይ ጀመር። ሠርጉ ደርሷል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ የሙሽራዋ ወገኖች ይጠብቃሉ። ሰው ሁሉ ሊስቅበት ነው። ተናደደና ዶማውን ይዞ ወደ አባቱ ጎጆ ሄደ። አባቴ በዚያ ግድግዳ ውስጥ የደበቀው ነገር አለ፣ ድንጋይ ይሁን ብረት፣ እሱን አውጥቼ እወስዳለሁ ብሎ ነበር።

በሩ አጠገብ መታ። ጭድ ነው። ከመደቡ በላይ መታ፤ ጭድ ነው። በጓሮ ዞሮ መታ፤ እዚያም ያው ጭድ። ደግሞም የመታው ጓል አልወደቀለትም። ተሰብሮ እያለ ጭዱ ይዞት ተንጠለጠለ። ሰውየው በእጁ ሳብ አድርጎ ሲያየው፣ ጭዱ ትናንት ከአውድማ የመጣ ይመስል ገና ቢጫ ነው። ሚስቱ ድምፁን ሰምታ መጣች።

«ምን አገኘህ?» አለችው።

«አንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር የለም» አላት። «ሁሉም ጋ ነው ያለው።»

ዶማውን አስቀመጠ። ጭድ አስመጥቶ ጭቃ አቡክቶ የሰበረውን በገዛ እጁ መረገ። ሙሽራዋም በአባቱ ጎጆ ገባች።

እንግዲህ ልጄ፣ ግድግዳው እናንተ ናችሁ፤ ጭዱ እናታችሁ ደጊቱ ናት። አንቺም እንደ ሰውየው ዶማሽን ይዘሽ ስትዞሪ ነው የሰነበትሽው፤ አንድ ትልቅ ሥራ፣ አንድ የሚወራ ቀን ፍለጋ። አታገኚውም። ያን ሁሉ ዕድሜዋን በየዕለቱ በእፍኝ በእፍኝ እናንተ ውስጥ ጨምራዋለች። ታላቅ ወንድምሽ በሐዘኑ ሰሞን እንግዳው ሁሉ ሳይበላ እህል አልቀመሰም፤ ማን አስተማረው? ታናሽሽ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ከማን አይቶ ነው? አንቺም ዛሬ ስትመጪ ደጄ ላይ የተኛውን በሽተኛ ውሃ አጠጥተሽ ነው የገባሽው። ከገባሽም ስለ እሱ ትንፍሽ አላልሽም። አይቼሻለሁ እኮ።

አባታችሁ የሞተ ጊዜ በመሬቱ ትለያያላችሁ ብለን ሁላችንም ፈርተን ነበር። እንዲያ ሆኖ የተበተነ ቤት ስንት አይተናል። እናንተም ተሰነጠቃችሁ፤ አልወደቃችሁም። ያን ጊዜ እናትሽን በልቤ አመሰገንኳት፤ በአፌ ሳልነግራት መሞቷ ዛሬም ይቆጨኛል።

ምን ልበል ነው ያልሽኝ። በአርባዋ ቀን ወንድሞችሽን ግራና ቀኝ አቁሚያቸው። «የእናታችን ሥራ ይኸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» በይና ተቀመጪ።