መለኪያዋ ከመጋዘን እንዴት ወጣች

እናንተ ጆሮ አዋጡ፣ እኔ ወሬ ላዋጣ፤ ጎደለ ያለ ይሙላበት።

አዋሽ ዳር ባለች፣ ጥላው ራሱ ጥላ በሚፈልግባት ሞቃት ከተማ አንድ የሙያ ኮሌጅ አለ። እዚያ መምህርት እልፍነሽ የሕንፃ መብራት፣ የውሃ ፓምፕና የማቀዝቀዣ ሥራ ታስተምራለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራት እንዳይባክን ታስተምራለች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ መዳፍ የምታክል የመብራት መለኪያ። ይቺ መለኪያ አፏን ከፍታ ሽቦ ትጎርስና ሽቦው ስንት መብራት እንደሚጠጣ በቁጥር ትናገራለች። ኮሌጁ ከገባች ጀምሮ ግን መጋዘን ተቆልፎባታል።

ዓርብ የብቃት ምዘና አለ። አሥራ ስምንት ሰልጣኞች መዛኝ ፊት ይቆማሉ፤ የወደቀ ዓመት ይጠብቃል። አምና በጠመኔ በተሳለ መለኪያ ተምረው አሥራ አንዱ ወደቁ። ሁለት ልጆች እያሳደገች የምትማረው አያንቱም ከወደቁት አንዷ ነበረች። እልፍነሽ ያን ቀን ቤቷ ገብታ አልቅሳለች፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሰኞ ጠዋት መጋዘን ሄደች። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ገብረየስ በሩ ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ገብረየስ፣ እንደምን አደሩ? መለኪያዋን ይስጡኝ፤ ዓርብ ምዘና አለብን።»

«ልጄ፣ ንብረት ያለ ወረቀት አይንቀሳቀስም። ስንቱ በደግነቱ ታስሯል መሰለሽ! የዲኑን ፊርማ አምጪ።»

ጋሽ ገብረየስ አይከፍቱም፤ መለኪያዋ አትወጣም፤ ሰልጣኞቹ አይማሩም።

ወደ ዲኑ ወደ አቶ ልዑልሰገድ ሄደች። አቶ ልዑልሰገድ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ብዕራቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ይውላሉ።

«ባዶ ወረቀት ላይ ልፈርም እንዴ መምህርት? ቅጹ ታትሞ ይምጣልኝ እንጂ እኔ ደስ እያለኝ እፈርማለሁ።»

ዲኑ አይፈርሙም፤ ጋሽ ገብረየስ አይከፍቱም፤ መለኪያዋ አትወጣም፤ ሰልጣኞቹ አይማሩም።

ወደ ጸሐፊዋ ወደ እትዬ ታንጉት ሄደች።

«እኔ ምን ገዶኝ፣ የኔ እናት! ቅጹ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። ማተሚያው ነው እንጂ እምቢ ያለኝ። ይኸው እዪው» አሉና ቁልፉን ጫን አደረጉ። ማተሚያው አቃሰተ፣ ወረቀቱን እስከ ወገቡ አወጣ፣ ጸጥ አለ። የቢሮው መብራት ሁሉ ድርግም! የዲኑ ማራገቢያ ቆመና «ማነው ደግሞ?» የሚል ጩኸት ከውስጥ ተሰማ።

ማተሚያው አያትምም፤ እትዬ ታንጉት ቅጹን አያቀርቡም፤ ዲኑ አይፈርሙም፤ ጋሽ ገብረየስ አይከፍቱም፤ መለኪያዋ አትወጣም፤ ሰልጣኞቹ አይማሩም።

እልፍነሽ ጭነት ሲበዛ መብራት ወደሚቆርጠው ማብሪያ፣ ወደ ብሬከሩ ሄደች። ወድቋል። አነሳችው፤ እትዬ ታንጉት ማተሚያውን ነኩ፤ ጧ! አሁንም አነሳችው፤ አሁንም ጧ! ብሬከር አይለምኑት፣ አይቆጡት ነገር።

ብሬከሩ አይቆምም፤ ማተሚያው አያትምም፤ እትዬ ታንጉት ቅጹን አያቀርቡም፤ ዲኑ አይፈርሙም፤ ጋሽ ገብረየስ አይከፍቱም፤ መለኪያዋ አትወጣም፤ ሰልጣኞቹ አይማሩም።

ይሄን ስል ማክሰኞ መሽቶ ረቡዕ ነግቷል። እልፍነሽ ወደ ኮሌጁ የጥገና ባለሙያ ወደ ጋሽ በዳዳ ሮጠች።

«ጋሽ በዳዳ፣ እባክዎ ብሬከሩን ይዩልን!»

«አይቼዋለሁ። ብሬከሩ ጥፋት የለበትም። አንድ ዕቃ ተደብቆ መብራቱን ያለ ልክ ይጠጣል፤ ማተሚያው ሲጨመርበት ብሬከሩ ይወድቃል። የቱ ዕቃ እንደሆነ ለማወቅ ግን መለኪያ ያስፈልገኛል።»

«ምን ዓይነት መለኪያ?»

«አፏን ከፍታ ሽቦ የምትጎርስ። መጋዘን አንዲት አለች አሉ። ለምን አታመጪልኝም?»

እልፍነሽ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቀጥሎ ተናደደች፤ ንዴቷም ጥሩ ንዴት ነበር።

ያለ መለኪያዋ ጋሽ በዳዳ አይጠግኑም፤ ብሬከሩ አይቆምም፤ ማተሚያው አያትምም፤ እትዬ ታንጉት ቅጹን አያቀርቡም፤ ዲኑ አይፈርሙም፤ ጋሽ ገብረየስ አይከፍቱም፤ መለኪያዋም አትወጣም! ዞሮ ዞሮ እዚያው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለችና አሥራ ስምንቱን ሰልጣኞች ጠርታ ግድግዳው ላይ ካለው አሮጌ ቆጣሪ ፊት አቆመቻቸው።

«መለኪያ የለንም፤ ዓይን ግን አለን። ቆጣሪው ውስጥ የምትዞረውን ሳህን እዩ። መብራት የሚጠጣ ካለ ትዞራለች፣ ከሌለ ትቆማለች። በሉ፣ ሁሉን አጥፉ!»

ማተሚያው ተነቅሎ ብሬከሩ ተነሣ፤ ማራገቢያው ጠፋ፤ ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ የዲኑ የውሃ ማፍያ እንኳ ተነቀለ። አያንቱ ቆጣሪው ላይ አፍንጫዋን ልትለጥፍ ምንም አልቀራት።

«መምህርት፣ ትዞራለች! እየሮጠች ነው የምትዞረው!»

ሽቦውን በኮሪደሩ ተከተሉት። ሽቦው ታጠፈ፣ ግድግዳ ወጣ፣ ወረደ፣ ሄዶ ሄዶ መጋዘን ገባ። ጋሽ ገብረየስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ያለ ወረቀት አትገቡም!»

«አንገባም ጋሼ» አለች አያንቱ፤ «ግን ውስጥ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?»

ጋሽ ገብረየስ ላብ አጠመቃቸው። «ኧረ... አንዲት ማቀዝቀዣ ናት። ውሃዬን... ሙቀቱን ታውቁት የለ!» አሉና በሩን ገርበብ አደረጉት። የበሯ ጎማ የተበጣጠሰ፣ በገመድ የታሰረች አሮጊት ማቀዝቀዣ ቀንም ሌትም ታቃስታለች።

ማራገቢያቸው ጠፍቶባቸው ተከትለው የመጡት ዲኑ ጋሽ ገብረየስን አዩ። ጋሽ ገብረየስ መሬት አዩ። ከዚያ ጋሽ ገብረየስ ራሳቸው ገብተው ነቀሏት።

ማቀዝቀዣዋ ተነቀለች፤ ሳህኗ ቆመች፤ ብሬከሩ ተነሣና ጸና፤ ማተሚያው ቅጹን እስከ እግሩ አተመ፤ እትዬ ታንጉት እየሮጡ አቀረቡ፤ ዲኑ ቆመው ፈረሙ፤ ጋሽ ገብረየስ ከፈቱ፤ መለኪያዋ ወጣች!

አያንቱ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ማተሚያው ሥራ ላይ እንዳለ ገመዱን አጎረሰቻት። ዜሮ።

«አላልኩም? ገና ሲነኳት ተበላሸች! መልሱ!» አሉ ጋሽ ገብረየስ፤ የልብ ልብ ተሰማቸው።

አሥራ ሰባቱ ሰልጣኞች እልፍነሽን አዩ። እልፍነሽ አያንቱ ራሷ ታግኘው ብላ አፏ ላይ የመጣውን መልስ ዋጠችው። በጠመኔ ስትስል ሽቦውን ሁልጊዜ አንድ መስመር አድርጋ ነበር የምትስለው፤ የእውነቱ ገመድ ግን ሆዱ ውስጥ ሁለት ሽቦ አለው።

አያንቱ ገመዱን አገላብጣ አየችው። «ቆይ፣ ቆይ... የሚሄደውንም የሚመለሰውንም መብራት አንድ ላይ ጎርሳለች። አንዱ ሌላውን አጠፋባት እኮ! መምህርት፣ ሽቦው አንድ በአንድ ነው የሚለካው፣ አይደል?»

«አንድ በአንድ ነው፣ አያንቱዬ!»

መለኪያዋን ሲጠብቁ የቆዩት ጋሽ በዳዳ ማተሚያውን ነቅለው ሁለቱን ሽቦ ለያዩላት፣ መልሰው ሰኩት። አንዱን አጎረሰቻት። ቁጥሩ ዘለለ! እትዬ ታንጉት እልል አሉ፤ ዲኑ አጨበጨቡ፤ መለኪያዋ ከእጅ እጅ አሥራ ስምንቱንም ዞረች፣ ዲኑም ተራ ይዘው ለኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ መለኪያዋ መምህርት ጋ ታድራለች» አሉ አቶ ልዑልሰገድ። «መምህር መሣሪያ ሲጠይቅ መጀመሪያ ይሰጥ፣ ወረቀቱ ይከተል። ለወረቀቱ እኔ አለሁ።»

ዓርብ መዛኙ አያንቱን ጠርቶ ገመድ ዘረጋላት። ጊዜ አላባከነችም፤ «ሽቦዎቹን ለይልኝ፣ እንዲሁ ከለካሁት መለኪያዋ ውሸት ትነግረኛለች» አለችው። መዛኙ መነጽሩን አወለቀና ፈገግ አለ። ማታ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ ከአሥራ ስምንት አሥራ ስምንቱም አልፈዋል።

ወሬው ለእናንተ፣ ምርቃቱ ለመምህሯ።