እቴጌ የሻሽወርቅና እምቢ ያለው ነጋሪት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለታችሁ አይቀርም። ዛሬ ግን በረቱን ክፍት ተዉልኝ፤ ላሚቱ ለተረቱ ትፈለጋለች።

ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ የዱሩ ንጉሥ አንበሳ እንደ ልማዱ ተኛና ያለ ልማዱ ሳይነሣ ቀረ። ሚስቱ እቴጌ የሻሽወርቅ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና፣ «እንግዲህ እኔ እነግሣለሁ» አለች።

ፊታውራሪ ጅብ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ! ይልቅ እኔ ልንገሥ። የመጀመሪያው አዋጄም ዝግጁ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ጥጃ ሁሉ እኔ ቤት ይደር!»

ላሚቱ እሜቴ ቡሪት ጥጃዋን ቶሎ ብላ ከሆዷ ሥር ሸጎጠች። እቴጌ የሻሽወርቅ ከበረት የገባ ከብት ነክታ አታውቅም። ጅብ ግን እንኳን ጥጃውን፣ የበረቱ መዝጊያ የታሰረበትን ጠፍር አይምርም።

የዱሩ ሽማግሌ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሥርዓቱ ይታወቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጋሪቱ ሦስት ጊዜ የጮኸለት ይነግሣል። ያልጮኸለት ወደ ቤቱ!»

እቴጌ ፈራች። ግን አዳኝ ናትና ፈርታም ትሄዳለች። ወደ ዙፋኑ ሄደች።

«ወግጂ! እኔ ሴት አላስቀምጥም» አላት ዙፋኑ።

«ባሌ ተቀምጦብህ ምን ይሠራ ነበር?»

«ያንኮራፋ ነበር።»

«ሥጋውንስ ማን ያመጣ ነበር?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ ደግሞ አላንኮራፋም።»

ዙፋኑ በንጉሡ ማንኮራፋት ስንት ዘመን እንቅልፍ ያጣ ምስኪን ነው። «ታዲያ ምን ያቆምሻል? ተቀመጪ እንጂ!» አላት።

ጃንጥላው ደግሞ በተራው ተነሣ። «እኔ ጎፈር በሌለው ራስ ላይ አልዘረጋም!»

«ጎፈር ያለውማ ጥላውን ተሸክሞ ተወልዷል» አለችው። «ፀሐይ አናቱን የምትመታው ማንን ነው?»

ጃንጥላው አሰበ። ጃንጥላ ሲያስብ አይታችሁ እንደሆነ፣ ጊዜ ይወስዳል። አሰበ፣ አሰበና ቧ ብሎ ተከፈተ።

ነጋሪቱ ቀረ። እሱማ ሆዱን ነፍቶ ጠበቃት።

«እኔ የጀግና ልጅ ነኝ! ለሴት ከምጮህ ብቀደድ ይሻለኛል!»

እቴጌ መታችው። ዝም። ደግማ መታችው። ዝም። ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እቴጌ መለመን አታውቅበትም፤ የእሜቴ ቡሪትን ጥጃ ዓይን ስታይ ግን ለመነች። «እባክህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ!» ነጋሪቱ አሁንም ዝም።

ይሄኔ እሜቴ ቡሪት ጠጋ አለች። የነጋሪቱን ቆዳ አየችው፤ ነጭ ነው፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። ትክ ብላ አየችው።

«እምቧ! በሞትኩት! አክስቴ ድንቡሼ!»

«የማን አክስት?» አለ ነጋሪቱ ደንግጦ።

«ይቺን ነጥብማ አልስታትም! ስንቱን ጥጃ አሳድጋ፣ ጎረምሳ በሬ ሁሉ ሲፈራት የኖረች ላም ናት!»

«ውሸት! እኔ ወንድ ነኝ!»

«እንጨትህን አላውቅልህም፤ ቆዳህ ግን ሴት ናት። ያለ እሷ ባዶ እንጨት ነበርክ። እናትህ ማለት ናት።»

ፊታውራሪ ጅብ «ቆዳ» ሲባል አፍንጫው ነቃ።

«ቆይ… የላም ነው?» አለ ምራቁ እየተንጠባጠበ። «ተራው የኔ ነው፣ እኔ ልምታው!»

ሊመታው እጁን አነሣ፤ ምላሱ ቀደመው። ላሰው። ደግሞ ላሰው። በሦስተኛው ጥርሱን ገጭ አደረገበት።

«ኧረ የወንድ ያለህ!» ብሎ ጮኸ ነጋሪቱ።

ከርከሮ ጆሮውን እንደታመመ ሰው አዘነበለ። አጋዘን ድንገት ውኃ ጠማው። ሽማግሌው ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ነው።

«ኧረ የወንድ ያለህ!» ማንም የለም። የጅብ ጥርስ ጠለቀ።

«ኧረ… ኧረ የሴት ያለሽ!»

እቴጌ የሻሽወርቅ ዘለለች። መዳፏን ስትሰነዝር ጅብ ጎንበስ አለ፤ ነጋሪቱን አገኘችው። ድም! ደግማ ሰነዘረች፤ ጅብ ወደ ጎን ሸሸ። ድም! ሦስተኛው ጅቡንም ነጋሪቱንም አንድ ላይ አገኛቸው። ድምምም! ነጋሪቱ ዝም ማለቱን ረስቶታል።

ጅብ እየተንከባለለ ቁልቁል ወረደ። ፀሐይም ተከትላው ጠለቀች።

«ሦስት!» አለ ዝንጀሮ ከዛፉ ላይ። «ነግሣለች! እኔማ መጀመሪያውኑ ብያለሁ!»

እቴጌ ዙፋኗ ላይ ወጥታ የመጀመሪያ አዋጇን አወጀች፦ «ጥጃ ሁሉ እናቱ ዘንድ ይደር!»

ነጋሪቱ አዋጁን አገር እስኪያንቀጠቅጥ ጮኸላት። ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ላሚቱን ጠየቃት። «እሜቴ… እናቴ እንዴት ያለች ነበረች?»

«እንዳንተው ናት» አለችው እሜቴ ቡሪት። «ሲመቷት ዝም አትልም ነበር።»

በሉ ላሚቱን ወደ በረቷ መልሱልኝ፤ ጥጃዋ ይከተላት። ለአፌ ዳቦ ብታጡ እርጎዋ ይበቃኛል። እናንተም ሴት ምን ታውቃለች የሚል ሆደ ነፊ ሲያጋጥማችሁ አትጣሉት፤ እንዲህ ብላችሁ እለፉት፦ እናቱን ለብሶ ሴት ይንቃል።