የዳኛው ተረከዝ

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ደምረው ለሽምግልና ከሄዱበት ቤት በባዶ እግራቸው ወጡ።

ያኔ የምኖረው ድንጋይ እየፈለጥሁ ነበር፤ የማድረውም በእነ አቶ አያልነህ ጓሮ በተከራየኋት ክፍል ነው። አቶ አያልነህ ሚስታቸው መኝታ እንደለዩባቸው ለሽማግሌ ተናገሩ። ዳኛው ከሽማግሌዎች ጋር ቤታቸው መጥተው፣ እኔን ከክምሬ አንድ ድንጋይ አስመጡና ወዲያው ፈረዱ።

«ይህን ተሸክመሽ ባልሽ እግር ላይ ውደቂ። ዛሬውኑ ወደ መኝታሽ ተመለሺ። እምቢ ካልሽ ቤቱን ለቀሽ ትወጫለሽ!»

«ጠልቼው አይደለም» አሉ ሴትየዋ። «የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ግንኙነት ያመኛል። ሐኪሟ ‹ሆርሞን አንሶሽ ገላሽ ደርቋል› ብላ የሚቀባ የሆርሞን ክሬም አዛልኛለች። እስኪሻለኝ ጥቂት ሳምንት ይታገሰኝ።»

«በዚህ ዕድሜ ምን ክሬም ያስፈልጋል? ትንሽ ቢያምሽስ? ሚስት አይደለሽ? ቻይው!»

ሴትየዋ የዳኛውን እግር አዩ። አዲስ ጫማ ተረከዛቸውን ልጦት፣ ጫማውን አውልቀው ቁስሉን ቅባት ቀብተውት ነበር።

«ድንጋዩን እሸከማለሁ» አሉ። «አስቀድመው ግን እርስዎ ጫማዎን አድርገው፣ ሳያነክሱ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄደው ይመለሱ።»

«እንዴት አድርጌ? ቁስሉ መቼ ዳነና! ቅባቱን የቀባሁት ገና ዛሬ ነው!»

«በዚህ ዕድሜ ምን ቅባት ያስፈልጋል፣ ጋሽ ደምረው? ትንሽ ቢያምዎትስ? ዳኛ አይደሉ? ይቻሉት!»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ አያልነህ ነበሩ። ተነሥተውም ድንጋዩን ወደ ክምሬ መለሱት። ዳኛው ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ሲወጡ ሽማግሌዎቹ ተከተሏቸው። በቤቱ ባልና ሚስቱ ቀሩ።