የአሥራ ሁለተኛው ክፍል ቁልፍ

በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የጨው ነጋዴ ነበሩ። በወጣትነታቸው የሰው ጨው በጀርባቸው በመሸከም ጀመሩ፤ በሽምግልናቸው አላህ የአርባ ግመል ጌታ አደረጋቸው። አንድ ክረምት በገበያው ዳስ ሥር የሚያድረውን ድሃ ቢቆጥሩት ሠላሳ አራት ቤተሰብ ሆነ። ለራሳቸው ፎቅ ባከማቹት ድንጋይ አሥራ ሁለት ክፍል አስገነቡና በቃዲው ፊት ወቅፍ አደረጉት። ወቅፍ የሆነ ቤት የአላህ ነው፤ አይሸጥም፣ አይወረስም። የወር ኪራዩን አንድ ተሸካሚ በቀን ከሚያገኘው እንዳይበልጥ ቆረጡት፤ እሱም ለጣሪያው ማደሻ ነው። በነጻ ያልሰጡት፣ የከፈለ ሰው በሩን አንገቱን ሳይደፋ ይከፍታል ብለው ነው።

ቃዲው ለራስዎ የሚያስቀሩት ክፍል አለ ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ሐጂ ፈገግ አሉና እኔ ቤት አለኝ ብለው መዝገቡን አስዘጉ።

ቃዲው ድሆቹን በመዝገቡ በጻፉበት ተራ መሠረት አሥራ አንዱ ክፍል ሰው ገባበት። አሥራ ሁለተኛው ተራ የሩቂያ ነበር። ባሏ ሞቶባት፣ እንጨት እየለቀመች ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ ሁለት ክረምት በዳሱ ሥር ያሳለፈች ሴት ናት። ቁልፉ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሊሰጣት ተቀጠረ።

ረቡዕ ጎርፍ መጥቶ የሐጂን ቤት ከነመጋዘኑ አፈረሰው። ግመሎቹም ሰጠሙ። ጨው ደግሞ ውሃ ከገባበት አይለቀምም፤ የዕድሜ ልክ ልፋታቸው በአንድ ቀን ሟሙቶ ሄደ።

ሩቂያ ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ ለሐጂ አዘነች፤ ቀጥላ ስለ ቁልፉ አሰበች፤ በማሰቧም አፈረች። የዳስ ጎረቤቷ ሐሊማ ግን አላረፈችም።

«ተይ አንቺ፣ ምንጣፍሽን አትጠቅልይ። ያሠራው ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ አንቺን ክፍል ሊያስገቡሽ ነው?» አለቻት።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ በሩ አጠገብ ተሰበሰቡ። ቃዲው ኪታብ ሲያገላብጡ ሰንብተው ነበርና፣ ወቅፉን የሰጠው ሰው ራሱ ቢደኸይ ከድሆች ጋር ተቆጥሮ ሊገባበት እንደሚችል ተናገሩ። ቁልፉም ወደ ሐጂ ተዘረጋ። ሩቂያ ልጆቿን ሰብስባ ጥቂት ወደኋላ ካለች በኋላ፣ «አባባ ሐጂ፣ ይግቡ። እኛ ዳሱን ለምደነዋል፤ እርስዎ አይችሉትም» አለች።

ሐጂ ከሩቂያ በኋላ ስንት ቤተሰብ እንደቀረ ጠየቁ። ቃዲው መዝገቡን አይተው ሃያ ሁለት አሉ።

«እንግዲያው እኔን ሃያ ሦስተኛ ብለው ይጻፉኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ሐጂ፣ ድንጋዩ እኮ የእርስዎ ነው» አለ።

«ነበር» አሉ ሐጂ።

የሩቂያን ዘንቢል አንስተው ደፉን አሻገሩላትና በሩን ለቀቁላት። ራሳቸው ያን ክረምት በዳሱ ሥር፣ እሷ በለቀቀችው ቦታ አሳለፉ። ሰው ለምን ቢላቸው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦

«ያ ጣሪያ ከዝናብ ይጋርደኛል። እሷን ከተራዋ ባስነሳት ግን፣ ከተበዳይነት ዱዓዋ የሚጋርደኝ ጣሪያ የለም።»

ሱብሃነላህ! ሐጂ የሰጡት አሥራ ሁለት ክፍል ይመስላል። ደጋግሞ ላሰላው ግን፣ አሥራ አንዱን የሰጡት ቤት ሳላቸው ነው፤ አንዷን የሰጡት ቤት ሳይኖራቸው ነው፤ ሚዛኑን የምትደፋውም ያቺ አንዷ ናት። ቤት የሌለው ሰው የሚያጣው ጣሪያ ብቻ አይደለም። ትልቅ ሰው በመጣ ቁጥር የማይነጠቅ ተራም ያጣል። ሐጂ ቡሽራ ለሩቂያ ሁለቱንም ሰጧት።