ቀያሹ በወረቀት የሠራው በረሃ

አንድ ቀያሽ ነበረ። ማንንም ወደማያውቅባት ከተማ ተመድቦ መጣ። ቀን መሬት ሲለካ ይውላል፤ ከሥራ ሲወጣ የተከራያት ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ አንድን ርቀት ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስቱም እኩል ሲመጡለት፣ ሦስቴም ተሳስቼ ይሆን ብሎ ለአራተኛ ጊዜ የሚለካ ዓይነት።

ይህ ሰው ሥልጠና ላይ ሳለ ከጓደኞቹ የለመደው አንድ ጨዋታ ነበር። አንተ አታውቀው ይሆናል። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንደኛው ጨዋታ መሪ ይባላል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ በመንገድ የሚገኘውን ሰው ሁሉ በቃሉ የሚፈጥረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ መንገደኛ ይሆናሉ፤ የመንገደኛቸውንም ማንነት በየወረቀታቸው ይጽፋሉ። መሪው እዚህ ደርሳችኋል ይላል፤ እነሱ እንዲህ እናደርጋለን ይላሉ፤ ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ በየፊቱ ቁጥር ያለበት ትንሽ ጠጠር ተጥሎ ይለያል። አሸናፊ የለውም። ተጫዋቾቹ መምጣት እስካልተዉ ድረስ ለወራት ይቀጥላል።

ቀያሹ መርቶ አያውቅም። ብቻውን መሆኑ ሲበዛበት ግን ሦስት ሰዎች ለመነ፤ ሱሪውን ያጠበበለትን ልብስ ሰፊ፣ ታሞ በነበረ ጊዜ መርፌ የወጋችውን ነርስ፣ የመሥሪያ ቤቱን መኪና የሚነዳውን አፋር ተወልዶ ያደገ ሹፌር። እሑድ ከሰዓት በልብስ ሰፊው ሱቅ፣ ጨርቅ በሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊገናኙ ተስማሙ።

በረሃ መረጠ። ሦስት መንገደኞች ከበረሃው ማዶ ላለች ከተማ የዘር እህል ያደርሳሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። በረሃውን ግን በአርባ ሁለት ገጽ ላይ ሠራው። ካርታ አነሣ፤ እያንዳንዷን አራት ማዕዘን አምስት ኪሎ ሜትር አደረጋት። ሰው በቀን ስንት ኮዳ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ግመል ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚችል፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጻፈ፤ ተጠራጠረና ሰርዞ እንደገና ጻፈ። ጉድጓዶቹ አምስት ናቸው፤ ቦታቸውን ለራሱ ብቻ ያዘ። ውሃው የት እንዳለ ከነገርኳቸው ምኑን በረሃ ሆነ ብሎ አሰበ።

በመጀመሪያው እሑድ ምን ይታያል ብለው ጠየቁት፤ አሸዋ አላቸው። ወደ ሰሜን ሄዱ። በሁለተኛው እሑድ ደግመው ጠየቁት፤ አሸዋ አላቸው። ጉድጓዱን ወደ ምሥራቅ ጥለውት አልፈው ነበር። ቀያሹ ይህን እያወቀ ጨነቀው፤ መዳፉን ካርታው ላይ ጫነ። በሦስተኛው እሑድ ነርሷ ሳትጠይቅ፣ «አውቄያለሁ፤ አሸዋ» አለች። ልብስ ሰፊው የሰው ሸሚዝ ኮሌታ እየፈታ ይጫወት ጀመር። ሹፌሩ ስልኩን ሲነካካ ተራው አለፈው።

ቀያሹ ክፍሉ ገብቶ ስህተቱን ፈለገ። ቁጥሮቹን ደመረ፤ ትክክል ናቸው። ርቀቶቹን ለካ፤ ትክክል ናቸው። ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ ጨዋታው ለምን እንደሚሞትበት ግራ ገባው። ምናልባት በረሃው አልከበደ ይሆናል አለና ሙቀቱን ጨመረ። ደግሞ መንገዱ ባዶ እንዳይሆን በጠጠር ዕጣ የሚመጡ ስድስት ነገሮች ጻፈ። አራተኛው «ግመለኛ በሩቁ ያልፋል» ይል ነበር። ስለ ግመለኛው ከዚህ ሌላ የጻፈው የለም።

በአራተኛው እሑድ መንገደኞቹ የቀራቸው አንድ ኮዳ ውሃ ነው። ነርሷ ገና ሳትቀመጥ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እሑድ ተረኛ እንደሆነች ተናገረች። ልብስ ሰፊው ወንበር እየሳበ ለሹፌሩ፣ «በል ዛሬ ሞተን እንገላገል» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ቀያሹ አብሮ ሳቀ። መንገደኞቹ ከሞቱ ግን ጨዋታው ያልቃል፤ ጨዋታው ካለቀ እነዚህ ሰዎች እሱ ዘንድ የሚመጡበት ምክንያት አይኖርም። ከዚህ ጠረጴዛ ሌላ በከተማዋ ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረውም።

ጠጠሩን ጣለ፤ አራት ወጣ። «ግመለኛ በሩቁ ያልፋል» ብሎ አነበበ።

ሹፌሩ ስልኩን አስቀመጠ። «ያልፋል ማለት?»

«ያልፋል። ይሄዳል።»

«በረሃ ላይ ሰው ሰውን አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ወንድሜ። ነውር ነው። ዳጉ አለ።»

ቀያሹ የጨዋታው ሕግ በተጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ ዳጉ የሚባል ነገር ማየቱን ስላላስታወሰ ገጽ ይገልጥ ጀመር። ሹፌሩ አስረዳው። በእነሱ አገር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቢቸኩሉም ቁጭ ይላሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ውሃ የት አለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ። ሌላው አዳምጦ ሲያበቃ ደግሞ የራሱን ይናገራል። መዋሸትም መደበቅም ትልቅ ነውር ነው፤ ነገ የአንዱን ነፍስ የሚያተርፈው ያ ወሬ ነው። ይህን ብሎ ከወንበሩ ወረደና ወለሉ ላይ፣ ከጨርቅ ጣቃው አጠገብ ተቀመጠ። ና ቁጭ በል አለው።

«ግመለኛው እኮ ምንም አያውቅም» አለ ቀያሹ።

«ግመሉስ? ከውሃ ነው የመጣው፣ ወይስ ወደ ውሃ ነው የሚሄደው? ሰውየው ካላወቀ ከግመሉ ጋር አገናኘኝ።»

ነርሷ ከት ብላ ሳቀች። ቀያሹ ወረቀቱን አየ፤ ወረቀቱ ላይ መልስ የለም። ሹፌሩን አየ፤ ሹፌሩ ይጠብቃል። ከዚያ አርባ ሁለቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወረደና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

እየተንተባተበ ግመለኛ ሆኖ ተናገረ። ውሃው ወደ ኋላ፣ በምሥራቅ በኩል ነው፤ አሁን ቢነሱ ሳይመሽ ይደርሳሉ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ገመዱ የአንድ ሰው፣ ባልዲው የሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱ ተጣልተው አይነጋገሩም፤ ከትናንት ወዲህ ማንም አልቀዳም። ቀያሹ ይህን ሁሉ ለወራት ሊደብቀው አስቦ ነበር። ተናግሮ ሲጨርስ፣ አለቀ፣ የሚፈልጉት ነገር አልቀራቸውም ሲል አሰበ።

ሹፌሩ አመስግኖ፣ «አሁን ተራው ያንተ ነው፤ እኛን ጠይቀን» አለው።

ቀያሹ ምን እንደሚጠይቅ ስላላወቀ ከየት እንደመጡና ምን እንደሚፈልጉ ብቻ ጠየቃቸው። ነርሷ፣ የእሷ መንገደኛ ለእህሉ ብላ እንዳልመጣች ተናገረች፤ በዚህ በረሃ የጠፋ ወንድም አላት። ይህን በመጀመሪያው እሑድ ወረቀቷ ላይ ጽፋው ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም። ከዚያ፣ «ያ ባለ ገመዱ ሰውዬ» አለች፤ «ዕድሜው ስንት ይሆናል?»

ቀያሹ አሁንም በግመለኛው ቃል፣ «ሳየው ፊቱን ሸፍኖ ነበር» አላት።

ከዚህ በኋላ ቀና ብሎ ወደ መሪው ያየ የለም። ልብስ ሰፊው የእህሉን ጆንያዎች ተርትሮ ገመድ እንደሚገምድ ተናገረ፤ ሹፌሩ እህሉን በኪስህ ልትይዘው ነው ወይ አለው፤ ነርሷ ማንም ገመድ ሳይገምድ ከሰውየው ጋር ልነጋገር አለች። ልብስ ሰፊው ሱቁን የሚዘጋበት ሰዓት አልፎ ሳለ ገና ይከራከራሉ። ስትወጣ ነርሷ የእሑዱን ተራ ከሌላ ሰው ጋር እንደምትቀያየር ለቀያሹ ነገረችው።

ቀያሹ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከበፊቱ ይልቅ ግራ ገብቶት ነበር። ውሃውን ደብቆ ሳለ ሰዎቹ የሚያስቡት ነገር አጡ፤ ውሃውን ሲነግራቸው ሐሳብ በዛባቸው። ሂሳቡን እንዴት ቢሠራውም አልመጣለትም።

አንተ ደግሞ፣ ልጄ፣ መምህር ሆነህ በተመደብክ በሦስተኛው ወር መጥተህ ጠየቅከኝ። ተማሪዎቼ ዝም ይሉኛል፤ መልሱን ባሳያቸው ራሳቸው አያስቡም፣ ባላሳያቸው ይጠፉብኛል፤ ምን ያህሉን ልደብቅ? አልከኝ። ክፍልህ ያ በረሃ ነው። መዳፍህን ካርታው ላይ ጭነህ ቆመሃል፤ እነሱም አንተ ሳትናገር አሸዋ ማለትን ለምደውታል። የደበቅከው ውሃ የመንገዱ መጨረሻ መስሎሃል። ሰው ማሰብ የሚጀምረው ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ ገመዱ የማን ነው፣ እኔስ ማንን ፍለጋ መጣሁ ሲል ነው። ስለዚህ ነገ ስትገባ የምታውቀውን አትሰስት። ተናግረህ ስታበቃ ቁጭ በልና ተራውን ለእነሱ ስጥ፤ ከመካከላቸው አንዷ ገና በመጀመሪያው ቀን የጻፈችልህ፣ አንተም ያላነበብከው ነገር ይኖራል።