ባሕሩን ወደ ቤት ያመጣው መርከበኛ

አንድ መርከበኛ ነበረ። መሪጌታ ኅሩይ ታሪኩን በዚህ የጀመሩት፣ ከተማ ገብቶ ሥራ ለያዘና አንዲት ጠባብ ክፍል ለተከራየ ወጣት ነው። ወጣቱ ገጠር የቀሩትን ታናናሾቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያመጣ ተነሥቶ ነበር፤ ክፍሏ እንደማትበቃቸው ሲያይ ግን፣ «የኔታ፣ አንዱን አስቀድሜ ሌሎቹን ባቆይ ፍቅሬ ጎደለ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

መርከበኛው ዕድሜውን በቀይ ባሕር ላይ ፈጅቶ፣ ከባሕር የአንድ ቀን መንገድ በምትርቅ ቆላ ከተማ ጎጆ ቀለሰ። ሚስቱ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች ነበረች፤ እግሯ ከታመመ ወዲህ ግን ከቤት አትወጣም። በሄደበት ሁሉ ጸሎቷ ተለይቶት እንደማያውቅ ያምን ነበርና ውለታዋን ሊመልስ ፈለገ። ወደ ባሕሩ ልወስዳት ካልቻልሁ ባሕሩን ላምጣላት አለ።

ከአልጋዋ ራስጌ የምትቀመጥ ትንሽ የመስታወት ገንዳ ገዛ። ከወደብ ያስመጣውን የባሕር ውሃ ሞላባትና በዚያው ቀን ቢጫውን፣ ሰማያዊውን፣ ባለ መስመሩን፣ ዓይኑ የወደደውን ዓሣ ሁሉ ጨመረባት። በባሕር አለት ላይ እንደ አበባ የሚፈካውን፣ ኮራል የሚባለውን ሕያው ፍጥረትም አስገባ። ሚስቱ የልጅነቷን ባሕር ያየች መስሏት ፊቷ በራ። ነገር ግን ጥቂት ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ዓሣዎቹ መሸሻ አጥተው ይነካከሱ ጀመር፤ እዳሪያቸውም ውሃውን መረዘው። ብዙም ሳይቆይ አንድ በአንድ እየሞቱ ተንሳፈፉ፤ ኮራሉም ነጥቶ ቀረ። ሰውየው የሞቱትን በጭልፋ እየለቀመ አለቀሰ። ሚስቱ ግን አልወቀሰችውም። ስላሰበላት አመሰገነችውና፣ «ክፋት አላደረግህም፤ ቤቱን ሳታሰናዳ እንግዳ ጠራህ እንጂ» አለችው።

ሰውየው የሚኮራበትን ትልቁን ቁም ሳጥን ከሳሎን አስወጥቶ በቦታው ሰፊ ገንዳ አቆመ። ውሃ ሞላ፣ አሸዋ አነጠፈ፣ ከባሕር የመጣ አለት ደረደረ። ዓሣ ግን አልጨመረም። ዓይን የማያያቸው፣ በአለቱ ላይ ተራብተው ቆሻሻውን የሚያጠሩ ረቂቅ ፍጥረታት አሉ፤ እስኪበዙ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ጎረቤቶች ባልና ሚስቱ ባዶ ገንዳ ላይ ሲያፈጡ እያዩ ይስቁ ነበር። አንድ ጠዋት ከአለቱ ስንጥቅ አንዲት ቀጭን ትል ብቅ ብላ ተመለሰች። ሚስቱ እንደ ልጅ አጨበጨበችና ተመስገን አለች።

ውሃው ሲረጋ በአለቱ ላይ አዲስ ኮራል ተተከለ፤ ትናንሽ ዓሣዎችም ገቡ፣ ጥቂት ብቻ። ይህን የሰማ አንድ የድሮ የመርከብ ባልደረባው ከወደብ ብዙ ያማሩ ዓሣዎች በውሃ በተሞሉ ከረጢቶች ይዞ መጣ። መርከበኛው ልቡ ተከፈለ። የወዳጅን ስጦታ መመለስ ነውር ነው፤ ሁሉንም መቀበል ደግሞ መግደል ነው። ተነሥቶ የባልደረባውን እጅ ሳመ፤ ሁለቱን ዓሣዎች ብቻ ተቀበለ።

«ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። «የቀሩትን ሳይጎዱ ወደ ባሕራቸው መልስልኝ። ቤቱ ሲችል እኔው ራሴ እለምንሃለሁ።»

ባልደረባው ተቀይሞ ወጣ። ቂሙንም ይዞ ብዙ ቆየ። በዓመቱ በዚያች ከተማ ሲያልፍ ግን እግሩ ወደዚያ ቤት መራው። ገባና ከገንዳው ፊት ቆመ። ኮራሉ በአለቱ ላይ ተስፋፍቶ ያብባል፤ እሱ ያመጣቸው ሁለቱ ዓሣዎች ወፍረው በመካከሉ ይመላለሳሉ። ሚስቲቱ ወንበሯን ከመስታወቱ አስጠግታ ተቀምጣለች፤ ባየችው ጊዜ ስለ እነርሱ መረቀችው። ባልደረባው ከአጠገቧ ተቀመጠ። ዓሣዎቹንም በዓይኑ እየተከተለ፣ «እንግዲህ ቀጥሎ የትኛውን ላምጣላችሁ?» አለ።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ገንዳው ያንተ ክፍል ነው። መርከበኛው ‹ቆይ› ያለው ስጦታውን ንቆ አይደለም፤ በሕይወት እንዲኖርለት ሽቶ ነው። አንተም አንዱን አምጣ። ትምህርት ቤት ይግባ፣ ከተማውን ይልመድ፣ አንተም እሱን ማኖር ልመድ። ለቀሩት ግን እንዳልረሳሃቸው በራስህ አፍ ንገራቸው።»

ወጣቱ ታናናሾቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያም፣ «እንግዲያውስ ትንሿ እህቴ ትቅደም» አለ።

«ስለ እርሷ ዛሬውኑ አመስግን» አሉት መሪጌታ፤ «ስለ ሌሎቹ ደግሞ ሰፋ ያለ ቤት ፈልግ።»